ትሮምሶ ተራራ ላይ ያየሁት ነጭ አበባ ስሜን ተራሮች ላይ እንዴት ተገኘ?

ሰላም_ከትሮምሶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ከሐምሌ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው ካለ እስቲ ይርዳኝ።

የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ነው። በሐምሌ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ከከተማው በላይ ያለ ተራራ ወጣን። ዛፉ አልቆ ሣርና ድንጋይ ብቻ የሚቀርበት ቦታ ደረስን። እዚያ ገና ያልቀለጠ በረዶ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ውሃው ዳር ኮረቱ መሃል ነጭ አበባ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳየው አራት ነጭ ቅጠል በመስቀል ቅርጽ። እኔ ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው፣ ወዲያው አፌ ላይ የመጣው «ይሄማ ጎመን ነው!» የሚል ነበር። ባልደረባዬ ሳቀች። ከዚያ ግን ልክ ነሽ አለችኝ፣ እውነትም ከጎመን ወገን ነው፣ በኖርዌይኛ ፊየልስክሪነብሎም ይባላል፣ የሳይንስ ስሙ አራቢስ አልፒና ነው አለች።

ቤት ገብቼ የት የት እንደሚበቅል ፈለግኩ። ስቫልባርድ፣ ግሪንላንድ፣ አይስላንድ፣ የካናዳ ሰሜን ምሥራቅ፣ አልፕስ። እስከዚህ ድረስ ገባኝ፣ ሁሉም የብርድ አገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ «የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች» ይላል። ሰሜን ዋልታ ለማለት ፈልገው ይሆን ብዬ ደግሜ አነበብኩት። አይደለም። የኛኑ ስሜን ነው የሚለው፣ ራስ ዳሽን ያለበትን።

እዚህ እኮ በበጋ ሁለት ወር ፀሐይ አትጠልቅም፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ወር ገደማ አትወጣም። እዚህ የሚበቅል አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀ አገር ምን ይሠራል? ከዚህ ሄዶ ነው? ሰው ወስዶት ነው? ወይስ ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው? መሬት ላይ ያየው ሰው ካለ ደግሞ ንገሩኝ፣ በጣም ነው የምፈልገው።


የደባርቅ_ልጅ፦

እህቴ፣ አለ። እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ሜዳው ላይ፣ ጓሳው መሃል አትፈልጊው። ከጨነቅ ካምፕ ወደ ቧሂት ተራራ ስንወጣ መንገዱ ገደል ይዞ ይሄዳል። አለቱ ወጣ ብሎ ጥላ የሚሠራበት፣ ከላይ ውሃ ጠብ ጠብ የሚልበት ስንጥቅ አለ። ቤቱ እዚያ ነው። ቧሂት 4430 ሜትር ነው፣ ሌሊት ላይ ውርጩ ሌላ ነው። ማታ ከድንኳን ውጭ የተውነው የጆግ ውሃ ጠዋት ከላይ ረግቶ እናገኘዋለን። አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። አበባው ግን ጥላው ውስጥ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ምንም አልሆነም።

ከማስጎበኛቸው ሰዎች አብዛኛው ጅብራና ጭላዳ ፎቶ ሲያነሳ አጠገቡ ያልፋል። አንድ ጊዜ ግን አንዲት የስዊዘርላንድ ሴትዮ፣ እድሜያቸው የገፋ፣ ተንበርክከው አዩትና ዝም አሉ። ምን ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ይሄ አበባ ልጅ ሆነው ከብት ከሚጠብቁበት ተራራ ላይ ያለው ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ዝም ብሎ የናፈቃቸው መስሎኝ ነበር። አሁን ያንቺን ሳነብ ለካ እውነታቸውን ነው።


አራት_ኪሎ_77፦

ይሄማ ግልጽ አይደል እንዴ፣ ሰው አምጥቶት ነው። ባህር ዛፍስ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ አልመጣም? አሁን አገር በቀል መስሎን እንኖራለን። ይሄም ወይ ከጣሊያን ጋር ወይ ከሚሲዮን ጋር በእህል ውስጥ የገባ ነው የሚሆነው።


መምህር_ዘዕፅዋት፦

ጥያቄው ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት አስተምራለሁ።

መጀመሪያ ተክሉን በደንብ እንለይ። አውሮፓ ከተማ ውስጥ በየግቢው ድንጋይ ላይ የሚተከል ሌላ ነጭ አራቢስ አለ፣ አራቢስ ካውካሲካ ይባላል። የቅርብ ዘመድ ነው፣ አበባው ተለቅ ይላል፣ ቅጠሉ ወደ ግራጫ ያደላል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። አንቺ ያየሽው ተራራ ላይ፣ የበረዶ ውሃ ዳር ስለሆነ ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን በራስሽ ዓይን ብታረጋግጪው ይሻላል። ከታች ያለው ቅጠል ዙሪያውን ተደርድሮ መሬት ላይ ይተኛል፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው። ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ ያለው ቅጠል ግን ዘንግ የለውም። ግርጌው እንደ ሁለት ጆሮ ሆኖ ግንዱን እቅፍ ያደርገዋል። አበባው ውስጥ ስድስት ወንዴ ክር ታገኛለሽ፣ አራቱ ረጅም፣ ሁለቱ አጭር። ጎመን ዘርም፣ ሰናፍጭም፣ ፌጦም እንዲሁ ናቸው፣ ስለዚህ «ጎመን ነው» ያልሽው የገበሬ ልጅ ዓይን ስላለሽ ነው። ፍሬው ቀጭን ረጅም ነው፣ ሲደርቅ ለሁለት ይከፈላል፣ ውስጡ ዙሪያውን ስስ ክንፍ ያለው ጠፍጣፋ ዘር አለ። በመጨረሻ አንድ ማጉያ መነጽር ፈልጊና የቅጠሉን ፀጉር እዪ። እንደኛ ፀጉር ቀጥ ያለ ብቻ አይደለም፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከላይ ሲያዩት ኮከብ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወንድማችን የባህር ዛፉን ነገር ማንሳቱ ይገባኛል፣ እዚህ ግን አይሠራም። ባህር ዛፍ ሰው የተከለው ሰው ያለበት ቦታ ነው። ይሄኛው ያለው ማንም እህል የማይዘራበት ገደል ላይ ነው። ከዚህ በላይ ግን ማስረጃው ዘረመሉ ውስጥ አለ። ከአውሮፓ የመጣ ቢሆን የአውሮፓውን የዘር ሐረግ ይዞ ይገኝ ነበር። የኢትዮጵያው ግን ያንን ሐረግ አልያዘም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ጥናት ከየአገሩ የተሰበሰበውን አራቢስ አልፒና አነጻጸረ። መነሻው ዛሬ ቱርክ የምንለው የአናቶሊያ ምድር ሆኖ ተገኘ፣ እድሜውም ከ2 ሚሊዮን ዓመት ያነሰ። ከዚያ ሦስት ሐረግ ወጣ። አንዱ ወደ አውሮፓ ሄደ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካም፣ በኋላም እስከ ስቫልባርድና ግሪንላንድ ዘለቀ። ሁለተኛው በዐረብ ምድር ተራሮች በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች ወረደ። ሦስተኛው እስያ ቀረ፣ እሱም በራሱ ጊዜ ለብቻው ወደ ደቡብ መጣና ኢትዮጵያ ላይ ከሁለተኛው ጋር ተገናኘ።

ኢትዮጵያ ላይ ተገናኘ ያልኩትን ልብ በሉልኝ። አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ2007፣ የአዲስ አበባና የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ 11 የተራራ ሥርዓቶችን ለይቶ አጠና። የእስያው ሐረግ የተገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ስሜን፣ ሌላው ሐረርጌ ውስጥ ያለው ጋራ ሙለታ። ካርታ አውጥታችሁ እዩ። አንዱ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ፣ ሌላው በስተ ምሥራቅ፣ ሁለቱም ግን ለዐረብ ምድር ቅርብ ናቸው። መሃል ላይ ያለውን ቆላ ተክሉ በእግሩ ሊሻገረው አይችልም፣ ሙቀቱ ይገድለዋል። ስለዚህ ዘሩ ረጅም ርቀት ዘሎ መጥቷል ነው የሚሉት። ጥናቱን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ጋራ ሙለታ ላይ ስደርስ ወንበሬ ላይ ቁጭ ማለት አቅቶኝ ተነስቼ ካርታ ፍለጋ ሄድኩ።

የአፍሪካው ሐረግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። በበረዶ ዘመናት ባሌም ስሜንም የበረዶ ግግር ነበራቸው። ብርዱ ወደ ታች ሲወርድ ብርድ የለመደው ተክልም አብሮ ይወርዳል፣ አገሩ ይሰፋል፣ አንዱ ተራራ ወደ ሌላው ይቀርባል። ሲሞቅ እንደገና ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጫፍ ላይ ተከቦ ይቀራል። በባህር መሃል እንዳለ ደሴት ማለት ነው፣ ባህሩ ግን ሙቀት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለጠያቂዋ መልሴ ይሄ ነው። ካንቺ ጋ ሄዶ አይደለም። እንዲያውም የትሮምሶው ነው አዲስ መጤ። ከ20,000 ዓመት በፊት ኖርዌይ ከሞላ ጎደል በሙሉ በበረዶ ግግር ሥር ነበረች፣ አበባ የሚቆምበት ኮረት እምብዛም አልነበረም። አበባው ከደቡብ ወደዚያ የወጣው ግግሩ ከቀለጠ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ከካናዳ እስከ ስቫልባርድ ያለው ሁሉ በዘረመል ሲታይ አንድ ዓይነት ሊባል የሚችለው፣ ያን ሁሉ ምድር የያዘው ከትንሽ ቁጥር ተነስቶ በፍጥነት ነው። የኛ ተራሮች ግን ሁለት ሐረግ ይዘው ተራራ ከተራራ ይለያያል። «የአርክቲክ አበባ» እየተባለ ሲጠራ ትንሽ ይከነክነኛል፣ ነባሩ ያለው ወዲህ ነው።


አራት_ኪሎ_77፦

መምህር አመሰግናለሁ። ተሳስቼ ነበር። ጋራ ሙለታን እኮ ከታች ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እናቴ የዚያ አካባቢ ሰው ናት።


ኮሎኝ_ነኝ፦

እኔ ደግሞ ይሄን አበባ ለሁለት ዓመት ውሃ ሳጠጣ ነበር። እዚህ ጀርመን አንድ የምርምር ግሪንሃውስ ውስጥ ተቀጥሬ ነው የሠራሁት። ስለ ታሪኩ ብዙ ተብሏል፣ እኔ ስለ ጠባዩ ልናገር፣ ያስደነቀኝ እሱ ነውና።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ረድፍ ችግኝ ብርድ ክፍል አስገባ ተባልኩ። የስፔን ዘር ነው፣ እንዲያብብ 12 ሳምንት 4 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። እኔ ቸኮልኩ። ሦስት ሳምንት ብቻ የሆናቸውን ሕፃናት ችግኞች አስገባኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲወጡ አጠገባቸው ያሉት አምስት ስድስት ሳምንት ሆኗቸው የገቡት በአበባ ነጭ ሲሆኑ የኔዎቹ ቅጠል ብቻ። አንድም አበባ የለም። አለቃዬ ሳይቆጣ አስረዳኝ። ይሄ ተክል እድሜው ካልደረሰ ብርዱን አይቆጥረውም። ክረምት ቢያልፍበትም አላለፈበትም። በወጣበት ዓመት ለማበብ አይቸኩልም፣ መጀመሪያ ሥር ይሰዳል፣ ቅጠል ያወጣል።

ሌላው ነገር አበባውን ካሳየ በኋላ አይሞትም። ጎመን ዘር አንዴ አብቦ ዘር ሰጥቶ ይደርቃል። ይሄኛው በየዓመቱ ይመለሳል። ምክንያቱን ያገኙት እዚሁ ኮሎኝ፣ ማክስ ፕላንክ የዕፅዋት ማዳቀል ምርምር ተቋም ውስጥ ነው፣ በ2009 ወጣ። ፔፕ ዋን የሚሉት ጂን አለ። ሥራው አበባን ማገድ ነው። ብርዱ ሲረዝም ጂኑ ዝም ይላል፣ በዚያ ጊዜ የደረሱት ቅርንጫፎች አበባ ይይዛሉ። ሙቀት ሲመጣ ግን ጂኑ ተመልሶ ይነቃል። ስለዚህ ያልደረሱት ቅርንጫፎች በቅጠልነታቸው ይቀጥላሉ፣ ለመጪው ዓመት። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ትንሹ አራቢዶፕሲስ ላይ ያው ዓይነት ጂን በብርድ አንዴ ዝም ካለ ዝም እንዳለ ይቀራል፣ ተክሉም አብቦ ይሞታል። ያለውን ሁሉ በአንድ ዓመት አለማውጣት ማለት ነው። ሐምሌ ላይ በረዶ ሊጥልበት የሚችል ቦታ ለሚኖር ተክል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከአልፕስ የመጡ አንዳንድ ዘሮች ደግሞ ይሄ ጂን የተበላሸባቸው አሉ፣ እነሱ ብርድም ሳይጠብቁ ያብባሉ።

እህታችን ትሮምሶ ያለው ደግሞ ከራሱ ጋር ይዳቀላል። የአበባው ብናኝ በዚያው አበባ ላይ ወድቆ ዘር ይይዛል። የጣሊያኖቹ ግን የራሳቸውን ብናኝ አይቀበሉም፣ ዝንብ ወይ ንብ ከሌላ ተክል እንዲያመጣላቸው ይጠብቃሉ። ግሪንሃውስ ውስጥ ለጣሊያኖቹ በትንሽ ብሩሽ እኔ ነበርኩ ንቡ። ለሰሜኖቹ ምንም አላደርግም፣ ሰኞ ጠዋት ስገባ ፍሬው ተሰልፎ አገኘዋለሁ።


የደባርቅ_ልጅ፦

መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገበሬው ገብሱን በየጊዜው ከፍ እያደረገ ነው የሚያርሰው፣ ከብቱም ከፍ ይላል። ብርዱም ድሮ የማውቀው አይደለም። ይሄ አበባ ወደ ላይ ይሸሻል ብለዋል። ከቧሂት በላይ ግን የት ይሄዳል?


መምህር_ዘዕፅዋት፦

የትም አይሄድም ወንድሜ። ችግሩ እሱ ነው። የኖርዌዩ ቢሞቅበት ወደ ሰሜን ገና መሬት አለው። የኛው ተራራው ሲያልቅ አለቀ። ደግሞ ቅድም እንዳልኩት እያንዳንዱ ተራራ የራሱን ይዟል፣ የስሜኑ ቢጠፋ ከባሌ አምጥተን እንተካዋለን ማለት አይቻልም። ለጊዜው የሚጠቅመው አንተ የምትጽፈው ነው። ያየህበትን ቀን፣ ከፍታውን፣ ድንጋዩ ወዴት እንደዞረ፣ ውሃ እንዳለውና እንደሌለው በደብተር ያዝ። ፎቶውን በየዓመቱ ከዚያው ቦታ አንሳ። ከየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲመጣ ያንን ደብተር ብታሳየው ሦስት ዓመት ሥራ ታቀልለታለህ።


ሰላም_ከትሮምሶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሳነበው አመሸሁ። ዛሬ እረፍት ስለሆንኩ ተመልሼ ወጣሁ። ሳልረሳው ልንገራችሁ።

እዚህ አሁን ቅዝቃዜው ጀምሯል፣ ጫፉ ላይ አዲስ በረዶ አለ። ቦታውን በጅረቱ አገኘሁት። አበባው አልቋል። ፍሬው ደርቆ ለሁለት ተከፍሏል፣ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ቀርቷል፣ ዘሩ ሄዷል። የታችኛው ቅጠል ግን አረንጓዴ ነው፣ ተደርድሮ መሬት ላይ ተኝቷል። መምህር፣ ጆሮዎቹን አየኋቸው! የደረቀው ግንድ ላይ የቀረ አንድ ቅጠል ነበር፣ ልክ እንዳሉት ግንዱን አቅፎ ይዞታል። ከዚያ ከባልደረባዬ ልጅ የተዋስኩትን ማጉያ አውጥቼ ድንጋዩ ላይ በሆዴ ተኛሁ። እጄ ብርድ ስለበላው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አራት አምስት ጊዜ ሞክሬ ነው የጠራልኝ። ኮከብ ነው። ቅጠሉ በሙሉ ጥቃቅን ነጭ ኮከብ።

ባልደረባዬ ስትነግረኝ በረዶው ይሄን ቅጠል እንዳለ ይሸፍነዋል፣ እስከ ግንቦት ከሥሩ ይቆያል፣ ከላይ ያለው ብርድ ብዙ አይደርስበትም። እንደ ጋቢ ነው በሉት። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፣ እነሱ ክረምት ሲሉ ይሄ ነው። የስሜኑ ጋቢ የለውም፣ ለዚህ ይሆን ድንጋይ ሥር የሚገባው?

ወንድሜ የደባርቁ፣ ጥቅምት ላይ የምትወጣ ከሆነ ያንን ስንጥቅ ፎቶ አንሳልኝ። አበባ ባይኖርም ችግር የለም፣ ቅጠሉን ከቅርብ።


የደባርቅ_ልጅ፦

ጥቅምት 12 ሰው ይዤ እወጣለሁ፣ አነሳልሻለሁ። ፀጉሩን ለማየት ግን ስልኬ አይበቃም። ያ ማጉያ ስንት ጊዜ ነው የሚያጎላው? ጎንደር ላስፈልግ።